ሽቦ አጥር ውስጥ ሰው የሚሞተው በምንድን ነው?

በጦርነት ጊዜ ስለሚታጎሩ ሲቪሎች የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፤

ነገሩን ከቁጥር እንጀምር። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በኦክቶበር 1901፣ በደቡብ አፍሪካ የብሪታንያ ጦር ቦር የሚባሉትን የደች ዝርያ ያላቸው ሰፋሪዎች፣ የተዋጊዎቻቸውን ሚስቶችና ልጆች ባጎረባቸው ካምፖች ውስጥ፣ የሞቱ መጠን በዓመት ሲሰላ ከ1,000 ሰው 344 ደረሰ። በፌብሩዋሪ 1902 ወደ 69 ወረደ፤ ከዚያም 20 አካባቢ ሆነ። ጦርነቱ የቆመው በሜይ 31 ቀን 1902 ነው። ሞቱ የቀነሰው እንግዲህ ሰዎቹ ገና በካምፕ ሳሉ፣ ውጊያውም ሳይቆም ነው።

በእነዚያ ጥቂት ወራት ምን ተለወጠ? እንግሊዛዊቷ የበጎ አድራጎት ሠራተኛ ኤሚሊ ሆብሃውስ ካምፖቹን ዞረው አይተው ለንደን ላይ ባሰሙት አቤቱታ የተነሣ፣ መንግሥት በሴቶች መብት ታጋይዋ በሚሊሰንት ፎሴት የሚመራ የሴቶች ኮሚሽን ላከ። ኮሚሽኑ የመጠጥ ውሃ ይፈላ፣ አትክልት በራሽን ውስጥ ይግባ፣ ነርሶች ይጨመሩ አለ። አስተዳደሩም ከጦሩ ወደ ሲቪል ባለሥልጣናት ተላለፈ። ለዚህ አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ ክትባትም አልነበረም። በቢሮ ውስጥ በወረቀት የተወሰኑ ነገሮች ናቸው ሰው ያተረፉት። የቀደሙትን ሟቾች የገደሏቸውም በዚያው ዓይነት ወረቀት የተወሰኑ ነገሮች ናቸው። ባሏ ከቦር ኮማንዶ ጋር እየተዋጋ ያለች ሴት በመጀመሪያ የተመደበላት ራሽን፣ ባሏ እጁን ከሰጠው ያነሰ ነበር፤ ሥጋም አልነበረበትም። ሳሙና በራሽኑ ውስጥ አልነበረም። በየእርሻው ተራርቀው ያደጉ፣ ኩፍኝ ያልነካቸው ልጆች በአንድ ድንኳን ታጨቁ። ወደ 28,000 ሰው አለቀ፤ ከ22,000 በላይ የሚሆኑት ከ16 ዓመት በታች ነበሩ። ለጥቁር አፍሪካውያን በተለዩት ካምፖች ደግሞ የተመዘገበው ሞት ብቻ ከ14,000 ይበልጣል። በዚያ መዝገቡ ራሱ የተጓደለ ስለነበረ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ እንደሚበልጥ የታሪክ ተመራማሪዎች ይስማማሉ።

ዛሬ የጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ በቀን ከ10,000 ሰው 1 ሰው ነው። ሞት ከዚያ ካለፈ የአደጋ ጊዜ ይባላል። የኦክቶበር 1901ን ቁጥር በዚህ ብናሰላው በቀን ከ10,000 ሰው ከ9 በላይ ይሆናል። 5,000 ሰው የያዘ ካምፕ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ስሌት በቃሉ ሊያውቀው ይገባል፤ በሁለት ቀን አንድ ሰው ከሞተበት የአደጋው ደፍ ላይ ቆሟል። «አንድ ሰው ብቻ» እያለ የሚያልፈው ሁሉ ኋላ መቃብር ሲቆጥር ይገኛል።

የምንናገረው ስለ ሲቪል ግዞተኞች ነው። የጦር ምርኮኛ ሲዋጋ የተያዘ ወታደር ነው፤ የራሱ ሕግ አለው። ወንጀለኛ በፍርድ የታሰረ ነው፤ የሚወጣበትን ቀን ያውቃል። ሲቪል ግዞተኛ ግን በፈጸመው ሥራ ሳይሆን «ሊያደርግ ይችላል» በሚል ስጋት የተያዘ ነው። ክስ የለውም፣ ፍርድ የለውም፣ የመውጫ ቀን የለውም። ስለዚህ ከሦስቱ ይበልጥ በአስተዳዳሪው መልካም ፈቃድ ላይ የወደቀው እርሱ ነው።

ሕጉ ለእርሱ ዘግይቶ ደረሰ። የ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት የጦር ምርኮኞችን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ሲቪሎችን የሚመለከት ረቂቅ በ1934 ቶኪዮ ላይ ተዘጋጅቶ በ1940 ጉባኤ ሊቀርብ ታስቦ ነበር፤ ጦርነቱ ቀደመው። የዚያን ክፍተት ዋጋ ኢትዮጵያውያን ያውቁታል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የፋሺስት አስተዳደር በመቶዎች የሚቆጠሩ መኳንንትንና ቤተሰቦቻቸውን ወደ ኢጣሊያ አጋዘ፤ ሌሎችን ደግሞ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ባሕር ዳር ወዳለው ዳናኔና ከምጽዋ ፊት ለፊት በዳህላክ ደሴቶች መካከል ወዳለችው ኖክራ ላከ። በዳናኔ ታስሮ የተረፈ ኢትዮጵያዊ ከጦርነቱ በኋላ በሰጠው የምስክርነት ቃል፣ ከ6,500 እስረኞች 3,175 እንደሞቱ ተናግሯል። የተበላሸ ምግብ፣ የተበከለ ውሃ፣ ወባና የአንጀት በሽታ። የበሽታዎቹ ዝርዝር ከደቡብ አፍሪካው ብዙም አይለይም።

ሲቪሎችን የሚጠብቀው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በኦገስት 12 ቀን 1949 ጸደቀ። 159 አንቀጾች አሉት፤ ከ79 እስከ 135 ያሉት የሚናገሩት ስለ ግዞተኞች አያያዝ ነው። ያን ያህል አንቀጽ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ቢኖር፣ አንቀጾቹን አንድ በአንድ ሲያነብ መልሱን ያገኘዋል። እያንዳንዱ ከአንድ የታወቀ ጥፋት በኋላ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ማን ይታጎር የሚለው ውሳኔ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸውም ገና እዚህ ላይ ነው። በስምምነቱ አንቀጽ 42 መሠረት ሰው ሊታጎር የሚችለው የያዘው መንግሥት ጸጥታ ፍጹም ግድ ሲለው ብቻ ነው። በተያዘ ግዛት ደግሞ አንቀጽ 78 አስገዳጅ የጸጥታ ምክንያት ይጠይቃል፤ ይግባኝም ይፈቅዳል። ውሳኔው የሚሰጠው ስለ አንድ ሰው ነው። ስለ ሰፈር፣ ስለ ብሔር ወይም ስለ ስም ዝርዝር አይደለም። ከዚያም ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ በፍርድ ቤት ወይም በአስተዳደር ቦርድ እንደገና ይታያል።

ብሪታንያ በ1939 ትክክለኛውን መንገድ ጀምራው ነበር። የጀርመንና የኦስትሪያ ተወላጆችን አንድ በአንድ የሚያዩ ሸንጎዎች አቋቋመች፤ ከመረመሯቸው ከ70,000 በላይ ሰዎች አደገኛ ተብለው ወዲያው እንዲታሰሩ የተወሰነባቸው ከ600 ያነሱ ነበሩ። ከተመረመሩት አብዛኞቹ ከናዚ የሸሹ አይሁዶች ናቸው። ፈረንሳይ ስትወድቅ ግን ድንጋጤው አሸነፈና በ1940 አጋማሽ ያ ሁሉ ምርመራ ወደ ጎን ተትቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጅምላ ታፈሱ። በዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ፤ ወደ 120,000 የሚሆኑ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከምዕራብ ጠረፍ ተነቅለው ወደ 10 ካምፖች ተወሰዱ። ሁለት ሦስተኛው የአገሪቱ ዜጎች ነበሩ። ለአንዳቸውም በግል የታየ ጉዳይ አልነበረም። ከአርባ ዓመት በኋላ የአገሪቱ ኮንግረስ ያቋቋመው ኮሚሽን መንስኤው የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ድንጋጤና የመሪዎች ድክመት እንጂ የጦር አስፈላጊነት አለመሆኑን አረጋገጠ፤ በ1988 በወጣ ሕግም በሕይወት ለነበሩት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ተከፈለ።

ለሥራው ቅርብ የሆነ ሰው ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ግዞተኛ አንድ ገጽ የውሳኔ ወረቀት ሊኖር ይገባል። የተያዘበት ምክንያት በእርሱ ላይ ብቻ በሚሠራ አረፍተ ነገር ይጻፋል፤ የወሰነው ሰው ስምና ፊርማ፣ ቀኑ፣ የሚቀጥለው ግምገማ ቀን ይሰፍራል። ምክንያቱ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ቃል በቃል ተገልብጦ ከተገኘ የጅምላ አፈሳ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። በ400 ወረቀት ላይ «ከጠላት ጋር በመተባበር ተጠርጥሮ» ብቻ የተጻፈ እንደሆነ፣ ለግምገማ የሚቀርበው ቦርድ የሚገመግመው ነገር የለውም፤ ሁሉንም ያጸድቃል።

ቀጥሎ መዝገቡ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ምክንያቱም ከውሃም ከምግብም ቀድሞ ሰውን ከመጥፋት የሚያድነው እርሱ ነው። አንቀጽ 138 የሚጠይቀው ዝርዝር ይህ ነው፦ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታና ቀን፣ ዜግነት፣ የመጨረሻ መኖሪያ፣ መለያ ምልክት፣ የአባት ስም፣ የእናት የልጅነት ስም፣ የተያዘበት ቀንና ቦታ፣ ደብዳቤ የሚላክበት አድራሻ፣ ወሬው የሚነገረው ሰው ስምና አድራሻ። የቤተሰብ ስም በሌለባቸው አገሮች የአያት ስም ግድ ይሆናል። በአንድ ካምፕ ውስጥ አሥራ አምስት መሐመድ አሕመድ ወይም አሥር ኃይሉ ተስፋዬ ቢገኝ አያስገርምም፤ የሚለያቸው የእናት ስምና የትውልድ መንደር ነው። ስሙ ባለቤቱ በሚጽፍበት ፊደልም ይጻፍ። ጸሐፊው በሰማው ብቻ ወደ ሌላ ፊደል ገልብጦ ካስቀመጠው፣ አንዱ ሰው በሦስት ካምፕ ሦስት ሰው ይሆናል፤ እናቱ ስትጠይቅ «የለም» ትባላለች። የቤት ስም፣ ቅጽል ስም፣ የክርስትና ስም፣ ሁሉም ዓምድ ይኑራቸው። ቁጥር ከስም ጋር ይሂድ እንጂ ስምን አይተካ፤ አንቀጽ 100 በሰውነት ላይ ቁጥር መንቀስን በግልጽ ይከለክላል።

ግዞተኛው በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡና በጄኔቫ ላለው የቀይ መስቀል ማዕከላዊ የፍለጋ ድርጅት ካርድ እንዲልክ ይፈቀድለታል፤ ይህ አንቀጽ 106 ነው። ከአንድ ካምፕ ወደ ሌላ ሲዛወር፣ ሆስፒታል ሲገባ፣ ሲፈታ፣ ሲሞት መዝገቡ በዚያው ቀን ይሞላል። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጠፋው በመንገድ ላይ ነው፤ ላኪው «ልኬዋለሁ» ይላል፣ ተቀባዩ «አልደረሰኝም» ይላል። ስለዚህ የዝውውር ዝርዝር በሦስት ቅጂ ይዘጋጅና ሁለቱም ወገኖች ስም እየጠሩ ይፈርሙበት። በጁላይ 2 ቀን 1940 አራንዶራ ስታር የተባለችው መርከብ ግዞተኞችን ወደ ካናዳ ስትወስድ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመታ ሰጠመችና ከ800 በላይ ሰዎች ሞቱ። የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር የተሳሳተ ስለነበረ ማን እንደሞተና ማን እንደተረፈ ለቤተሰብ በወቅቱ ለመንገር አልተቻለም።

ዝርዝር የሚያድነውን ያህል ሊገድልም ይችላል። በደቡብ ፈረንሳይ የጉርስ ካምፕ በ1939 የተሠራው ለስፔን ሪፐብሊካን ስደተኞች ነበር። በኦክቶበር 1940 ከባደንና ከሌሎች የደቡብ ምዕራብ ጀርመን አካባቢዎች የተባረሩ 6,500 የሚሆኑ አይሁዶች ወደዚያ ገቡ። በ1942ና በ1943 ወደ 3,900 የሚጠጉ ከዚያ ተወስደው፣ ፓሪስ አጠገብ ባለው የድራንሲ መሸጋገሪያ ካምፕ በኩል፣ አብዛኞቹ ወደ አውሽቪትዝ ተላኩ። ቀድሞ ተሰብስቦና ተመዝግቦ የተቀመጠ ሰው ለገዳይ ሥራ አቀለለ። ስለዚህ ሃይማኖትና ብሔር በዋናው መዝገብ ላይ አይጻፍ፤ ለምግብ ወይም ለአምልኮ ካስፈለገ በተለየ ወረቀት፣ በተለየ ቁልፍ ይቀመጥ። ጉርስ የተጀመረው ለሌላ ሰው ነበር፤ ካምፕ አንዴ ከቆመ በኋላ የሚመጣው መንግሥት በውስጡ ማንን እንደሚያስገባ የሠራው ሰው አያውቅም።

አሁን ወደ ውሃው። ለ5,000 ሰው በቀን 15 ሊትር ለያንዳንዱ ቢሰጥ 75,000 ሊትር ይሆናል። ይህ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በአንድነት ነው። ለአንድ ቧንቧ 250 ሰው ይመደባል ሲባል ካምፕ ሠሪዎች 20 ቧንቧ ይተክሉና ሥራው አለቀ ይላሉ። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ይደብቃል። አንድ ቧንቧ በደቂቃ 7.5 ሊትር ቢያፈስ፣ ለ250 ሰው 15 ሊትር ለማዳረስ ከስምንት ሰዓት በላይ መከፈት አለበት። ጠባቂዎች ለቁጥጥር እንዲመቻቸው ውሃውን በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ ከከፈቱት ለአንድ ሰው የሚደርሰው 3.6 ሊትር ነው። በወረቀት ላይ መለኪያው ተሟልቷል፤ በካምፑ ውስጥ ግን ሰው እጁን አይታጠብም፣ ተቅማጡም ይነሣል። ስለዚህ ጎብኚ ሲመጣ ቧንቧ መቁጠር አይበቃውም፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈስ ግዞተኞቹን ይጠይቅ፣ በሰዓቱም ተገኝቶ ባልዲ ይሙላ።

ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ቧንቧው ላይ የቀረው መጠን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም መሆኑ በየቀኑ ይለካል። የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ አስቀድሞ መጥለል ወይም መጣራት አለበት። ከዚያ በኋላም ውሃው በቆሸሸ ጀሪካን ውስጥ ይበከላል፤ አፈ ጠባብ መያዣና ሳሙና ካልታደለ የተደከመበት ክሎሪን ከንቱ ነው።

መጸዳጃ ለ20 ሰው አንድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 አንድ ይታለፋል። ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው በ1.5 ሜትር ከፍ ይበል። መኖሪያው ማታ የሚቆለፍ ከሆነ ግን ውጪ ያለው 250 መጸዳጃ ሁሉ ከምሽት እስከ ንጋት እንደሌለ ይቆጠራል። ወይ በሩ አይቆለፍ፣ ወይ ውስጥ መጸዳጃ ይኑር። ግርዶሽም የቅንጦት ነገር አይደለም። በካሊፎርኒያ በማንዛናር ካምፕ የሴቶች መጸዳጃ መቀመጫዎች ያለ መከለያ ተደርድረው ስለነበር፣ ሴቶች ሰው እስኪተኛ ድረስ ይጠብቁ ነበር። በጨለማ የምትሄድ ሴት ከአንድ አደጋ ወደ ሌላ ትሄዳለች። ለዚህ ነው አንቀጽ 85 የሴቶች ማደሪያና መታጠቢያ ይለይ የሚለው፤ መብራትና ከውስጥ የሚዘጋ በር የሌለው ልዩነት ግን ልዩነት አይባልም።

ስለ ቦታ አጭር ነገር ይበቃል። ለአንድ ሰው ከጣሪያ በታች 3.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ 7 በ20 ሜትር የሆነ አዳራሽ 40 ሰው ይይዛል። 120 ሰው ከገባበት ቅማል ከአንዱ ብርድ ልብስ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ታይፈስና ግርሻም ተከትለው ይመጣሉ። ካምፑ ከውጊያ ቀጣና ይራቅ፤ ከአየርም እንዲለይ በግልጽ ምልክት ይደረግበት። ቤተሰብም በአንድ ጣሪያ ይደር።

ምግብ። የተለመደው ማቀጃ በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ለምሳሌ 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ዘይት፣ 50 ግራም በቫይታሚን የበለጸገ ዱቄት፣ 15 ግራም ስኳር፣ 5 ግራም ጨው። ሲደመር 555 ግራም ነው፤ ለ5,000 ሰው በቀን 2,775 ኪሎ፣ በወር ከ83 ቶን በላይ። ይህን የሚያክል ጭነት በተቆረጠ መንገድ የሚያስገባ ሰው የሁለት ሳምንት ክምችት ከሌለው በመጀመሪያው ድልድይ መሰበር ራሽኑን ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ የሚረሱት ሁለት ነገሮች ወፍጮና ማገዶ ናቸው። ያልተፈጨ ስንዴ ወፍጮ ለሌለው ሰው ምግብ አይደለም፤ ባቄላም ሁለት ሰዓት የሚነድ እንጨት ከሌለ ጥሬውን ይቀራል። ማገዶ ለመግዛት ሲሉ ግዞተኞች ከራሽናቸው ይሸጣሉ፤ በሚዛን የተሰጠው 555 ግራም ማሰሮ ውስጥ ሲደርስ 400 ይሆናል። ማከፋፈያው ጣሳ በሚዛን ተፈትሾ ልኩ ላይ መስመር ይሠመርበት፤ ሚዛኑም ሁሉ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ።

ካሎሪው ቢሞላም ሰው ሊታመም ይችላል። የነጣ ሩዝ ብቻ የሚበላ ሰው በሰውነቱ ያለው ቫይታሚን ቢ1 በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፤ በሁለትና ሦስት ወር እግሩ ይደነዝዛል፣ ያብጣል፣ ልቡም ይደክማል። ይህ ቤሪቤሪ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእስያ ካምፖች የነበሩ ሐኪሞች የሩዝ ፉርሽካና እርሾ እየሰጡ ታግለውታል። በቆሎ ብቻ ከሆነ ፔላግራ ይመጣል፤ ፀሐይ የሚነካው ቆዳ ይላጣል። ትኩስ ነገር ከጠፋ ድድ መድማት ይጀምራል። ኦቾሎኒና ባቄላ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይከላከላሉ፤ የሽንኩርትና የጎመን መደብ ደግሞ ሦስተኛውን፤ ለዚህ ነው ካምፕ ሲከለል ለአትክልት የሚሆን መሬት መተው የሚያስፈልገው። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ተጨማሪ ምግብ በሕግ ይገባቸዋል። ራሽን መቀነስን በቅጣትነት መጠቀምም ክልክል ነው።

ጤናን በተመለከተ ከሁሉ የሚቀድመው የኩፍኝ ክትባት ነው። ልጆቹ ገና በበሩ ሲገቡ፣ ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ላሉት ሁሉ ይሰጣል፤ ከ5 ዓመት በታች ላሉት ቫይታሚን ኤ ይጨመርበታል፤ ወረርሽኙ ከተነሣ በኋላ የሚሰጥ ክትባት ብዙዎቹን አይደርስላቸውም። አንቀጽ 92 የሚያዝዘው ወርሃዊ ምርመራና የክብደት ምዝገባ እንደ ተራ ሥራ ይታያል፤ ነገር ግን ረሃብን ከማንም ቀድሞ የሚናገረው ያ ወረቀት ነው። የአንድ ሰው ክብደት ቢቀንስ በሽታ ሊሆን ይችላል። የ300 ሰው ክብደት በአንድ ወር ከቀነሰ ግን ጥፋቱ ያለው ከኩሽናው፣ ከመጋዘኑ ወይም ከመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ዘንድ ነው።

ለዚህም ነው ወረቀቱ የሚፈራው። በማኒላ የሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጃፓን ከጃኑዋሪ 1942 ጀምሮ የተባባሪዎቹን አገሮች ሲቪሎች ያጎረችበት ካምፕ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ራሽኑ ከ1,000 ኪሎ ካሎሪ በታች ወረደ። የካምፑ ሐኪሞች ኃላፊ በሞት ምስክር ወረቀቶች ላይ «ረሃብ» የሚለውን ቃል እንዲሰርዝ ታዘዘ፤ አልሰርዝም በማለቱም ታሰረ። ካምፑ ነፃ የወጣው በፌብሩዋሪ 1945 ነው። ዛሬም «የልብ መቆም» የሚል ምክንያት በየወረቀቱ ላይ ሲደጋገም ያየ መርማሪ መጠንቀቅ አለበት፤ የማንም ሟች ልብ ይቆማል። ሕጉ እያንዳንዱ ሞት በሐኪም እንዲረጋገጥ፣ መቃብሩ ምልክት እንዲኖረውና ሞቱ በጠባቂ ወይም በሌላ ግዞተኛ እጅ ከተፈጸመ፣ ወይም ምክንያቱ ካልታወቀ፣ ወዲያው እንዲመረመር ያዝዛል።

በካምፑ ውስጥ ግዞተኞች በየስድስት ወሩ በምስጢር ድምፅ ኮሚቴ ይመርጣሉ። አስተዳዳሪው የሚሾማቸው «አለቆች» የኮሚቴውን ቦታ ሲይዙ ምን እንደሚከተል ይታወቃል፤ ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ ወረፋ ይሸጣል፣ ሰው ይጠቆማል። ስም ጥሪም ቢሆን በየማደሪያው መደዳ በግማሽ ሰዓት ይጠናቀቃል፤ ሰውን ለሰዓታት በፀሐይ ማቆም በአንቀጽ 100 የተከለከለ ነው። ጥፋት ያጠፋ ግዞተኛ የሚጣልበት የዲሲፕሊን ቅጣት በምንም ሁኔታ ከ30 ቀን አያልፍም።

ከዚህ ሁሉ ጋር አእምሮ አለ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አዶልፍ ፊሸር የተባሉ የስዊስ ሐኪም ለረጅም ጊዜ በታጎሩ ሰዎች ላይ ያዩትን መነጫነጭ፣ የማስታወስ ችግርና ተስፋ መቁረጥ «የሽቦ አጥር በሽታ» ብለው ሰይመውታል። ካስተዋሏቸው መንስኤዎች ዋነኛው እስሩ መቼ እንደሚያበቃ አለመታወቁ ነው። ሌላው ለአንድ አፍታ እንኳ ብቻን መሆን አለመቻል ነው። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ የግምገማ ቀን መኖሩና ያ ቀን መከበሩ ነው። አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት የተላለፈ የግምገማ ቀን በካምፑ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ብዙ አስተዳዳሪዎች አይገነዘቡትም። ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ሕጉ በወር ቢያንስ ሁለት ደብዳቤና አራት ካርድ ይፈቅዳል። ደብዳቤ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ በሳንሱር ቢሮ ነው፤ ለ5,000 ሰው በወር እስከ 30,000 ጽሑፍ ይወጣል፣ አንባቢዎቹ ግን ሁለት ናቸው። የቀይ መስቀል መልእክት አጭርና ያልታሸገ፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የያዘ የሆነው ቶሎ እንዲነበብና ቶሎ እንዲያልፍ ነው።

የውጭ ጎብኚ ያስፈልጋል። በአንቀጽ 143 መሠረት የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ተወካዮች ወደ ሁሉም ቦታ ይገባሉ፣ ከግዞተኞችም ጋር ያለ ምስክር ይነጋገራሉ። በ1992 በቦስኒያ የኦማርስካ ማዕድን ማውጫ ማሰቃያ በሆነበት ጊዜ እንዲህ ያለ ጉብኝት አልነበረም፤ ጋዜጠኞች በኦገስት መጀመሪያ ከገቡና ዓለም ካየው በኋላ ግን በሳምንታት ውስጥ ተዘጋ። ጉብኝት ሲደረግ አንዴ መምጣት አይበቃም፤ በመጀመሪያው ጉብኝት ስሙ የተመዘገበ ሰው በሁለተኛው በአካል ይፈለጋል። ያነጋገሩት ሰው ተመልሰው ሲመጡ ከጠፋ፣ የጉብኝቱ ትልቁ ግኝት ያ ነው።

እስካሁን የጠቀስነው ሕግ ግን በመንግሥታት መካከል ለሚደረግ ጦርነት የተጻፈ መሆኑን መካድ አይቻልም። በአንድ አገር ውስጥ በሚደረግ ጦርነት የሚሠሩት ለአራቱም የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ የሆነው አንቀጽ 3ና የስምምነቶቹ ተጨማሪ የሆነው የ1977ቱ ሁለተኛ ፕሮቶኮል ናቸው። ፕሮቶኮሉ በአንቀጽ 5 ስለ ምግብ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ደብዳቤና ስለ ሴቶች ማደሪያ ይናገራል፤ ሰው በምን ምክንያት ሊታጎርና ጉዳዩ በማን ሊታይ እንደሚገባ ግን ዝም ይላል። የዛሬዎቹ ጦርነቶች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የአገር ውስጥ ሕግ ያን ዝምታ መሙላት አለበት፤ የሚገመግመው አካልም ከያዘው ኃይል ነፃ ይሁን። የጦር አዛዡ የራሱን ውሳኔ ራሱ ቢገመግም የሚያገኘው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

በመጨረሻም መፍታት። ያጎረው ምክንያት ሲቀር ሰው ወዲያው ይፈታል፤ የጦርነቱን ማብቂያ መጠበቅ አያስፈልግም። በር መክፈት ብቻ ግን ይገድላል። በጀርመን በነበረው የናዚ ካምፕ በቤርገን ቤልሰን፣ በኤፕሪል 15 ቀን 1945 ካምፑ ነፃ ከወጣ በኋላም ወደ 14,000 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ በታይፈስና በረሃቡ ጉዳት፣ ከፊሎቹም ሰውነታቸው ሊሸከመው ያልቻለውን ምግብ በመብላታቸው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በመጀመሪያ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠው፤ ምግቡ በጥቂት ጥቂቱ፣ በየሦስት ሰዓቱ ይጀመር። ክፉኛ ለተጎዱ ልጆች በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ የያዘው ኤፍ-75 ወተት የተዘጋጀው ለዚህ ነው፤ ኤፍ-100 የሚከተለው ልጁ ሲረጋጋ ነው።

የሚፈታ ሰው ማኅተምና ቀን ያለበት የመፈታት ወረቀት በእጁ ይያዝ፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ኬላ እንደገና ይያዛል። ሲገባ የተወሰደበት ገንዘብና ዕቃ በደረሰኝ ይመለስ፤ ደረሰኙን የያዘው ግዞተኛው ራሱ እንጂ ጠባቂው መሆን የለበትም። የሚሄድበት መንገድ ከፈንጂ የጸዳ መሆኑ ይጠየቅ፤ ወደ ቤቱ መመለስ ካልፈለገ አይገደድ።

ካምፑ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቃጠለው ቢሮው ነው። ስለዚህ የመግቢያው፣ የዝውውሩ፣ የክብደቱ፣ የሞቱና የመቃብሩ መዝገብ ቅጂ ካምፑ ገና ሥራ ላይ ሳለ በየወሩ ወደ ሌላ ከተማ ይላክ፤ አንዱ ቅጂም ለቀይ መስቀል ማዕከላዊ የፍለጋ ድርጅት ይድረስ። የመቃብር ረድፍና ቁጥር ከመዝገቡ ጋር የሚናበብ ካርታ ይሠራ፤ ካርታውም ከአንድ ቋሚ ነገር፣ ከድልድይ ወይም ከቤተ አምልኮ ግድግዳ፣ በሜትር ተለክቶ ይነሣ። የእንጨት ምልክት በጥቂት ክረምት ይበሰብሳል፣ ለማገዶም ይነቀላል፤ ቤተሰብ የሟቹን አጽም ሊጠይቅ ሲመጣ የሚቆፈርበትን ቦታ የሚያሳየው ያ ልኬት ነው።